ሙቀቱ የወባ ነው ወይስ የዕድሜ?



ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 55 ዓመት የሚሆን እናቶች «ሌሊት እሳት ይለበልበኛል፣ ነጠላዬ በላብ ይርሳል፤ ደሜን ሲመረምሩ ግን ወባ የለም ይሉኛል» ሲሉ እንሰማለን። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ማረጥ ነው።

ማረጥ ማለት የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። አስቀድሞ ለጥቂት ዓመታት ጊዜው ይዛባል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ፊትና ደረት በድንገት ይግላል፤ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የብልት መድረቅም ይኖራል። ይህ በሽታም እርግማንም አይደለም።

ለውጡ የሴቶች ሁሉ ነው፤ ስሜቱ ግን አንድ አይደለም። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የሥነ ሰብእ ምሁር የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ የሜክሲኮን የማያ ገበሬ ሴቶች ከግሪክ ገበሬ ሴቶች ጋር አነጻጽረዋል። የግሪኮቹ ሙቀቱ ይሰማቸው ነበር፤ እንደ በሽታ ግን አይቆጥሩትም። የማያዎቹ ስለ ሙቀት አንዳችም አልተናገሩም፤ ማረጥን ከመውለድ ድካም የሚያሳርፍ አድርገው ይጠብቁታል። በ1993 የወጣ ጥናት ደግሞ የማያዎቹ ሆርሞን እንደ ሌሎች ሴቶች ሁሉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአሜሪካ በተደረገ ሰፊ ጥናት ለምግብና ለቤት ኪራይ የተቸገሩ ሴቶች የበለጠ ሕመም ተናግረዋል።

በካምፓችንም ቢሆን ልዩነቱ አለ። አንዷ «ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቀን መቁጠር ቀረልኝ»፣ ሌላዋ «የረመዳንን ጾም ማካካስ ቀረልኝ» ብላ ትደሰታለች። ልጆቿን በስደት ያጣችና ዳግም ለመውለድ ተስፋ ያደረገች ግን ያው ለውጥ ልቧን ይሰብረዋል። ቀን በቦኖና በራሽን ሰልፍ የደከመች፣ ሌሊት ብቻዋን የምታድር ሴት ሙቀቱ ይብስባታል ብንል አንሳሳትም። እንዲህ ያለችውን ጎረቤት «አርጅተሻል» ብሎ መቀለድ ይቅር።

ስስ ልብስ መልበስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብ ማኖር ይረዳል። አንዳንዶችን ትኩስ ቡና ይቀሰቅስባቸዋል። ቡና ተዉ ብንል ማን ይሰማናል? የማታውን እንኳ ቀንሱ።

ላብ ሁሉ ግን የማረጥ አይደለም። ብርድ ብርድ ካለና ከተንቀጠቀጡ ደም ይመርመር። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም ክብደት መቀነስ ካለበት የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ከ40 ዓመት በታች የወር አበባ ሲቀር እርግዝና፣ ረሃብ ወይም ጭንቀት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። 12 ወሩ እስኪሞላም እርግዝና ይቻላልና የወሊድ መከላከያውን አታቋርጡ።

ካረጡ በኋላ ደም ከታየ፣ ጠብታም ብትሆን፣ «ወጣትነቴ ተመለሰ» ተብሎ የሚሳቅበት አይደለም፤ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ክሊኒክ ሂዱ። ይህን በወንድ አስተርጓሚ ፊት መናገር የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ካርድ ስታወጡ «ሴት አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ።