የሬዲዮ ሞገድ አንዱን የአካል ንብርብር ከሌላው እንዴት ይለያል?

በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ የተኛ ሰው አካል በሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች የተሞላ ነው። ሁሉም በአንድነት ምልክት ቢሰጡ የአንጎል ዕጢ ከጤናማው ክፍል ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ታዲያ ምልክቱ የመጣበትን ቦታ እንዴት እናውቃለን?

ኒውክሊየሱ ምላሽ የሚሰጥበት የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ካለበት ማግኔታዊ መስክ ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት አለው። ይኸውም በ1 ቴስላ 42.58 ሜጋኸርዝ፣ በ1.5 ቴስላ 63.87 ሜጋኸርዝ ነው። እንግዲህ በዋናው መስክ ላይ ከራስ ወደ እግር በየሜትሩ በ10 ሚሊቴስላ የሚጨምር ሌላ መስክ ብንደርብ፣ ድግግሞሹ በየሚሊሜትሩ በ426 ኸርዝ ያህል ይለያያል። ድግግሞሽ የቦታ አድራሻ ሆነ ማለት ነው።

5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ንብርብር ለመምረጥ የድግግሞሽ ስፋቱ 2.1 ኪሎኸርዝ ገደማ የሆነ አጭር የሬዲዮ ሞገድ ምት እንልካለን። ከንብርብሩ ውጪ ያሉት ኒውክሊየሶች ከሞላ ጎደል ሳይነቃቁ ይቀራሉ። የምቱን መካከለኛ ድግግሞሽ ስንቀይር ወደ ሌላ ንብርብር እንሻገራለን፤ ሕመምተኛው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ይሁን እንጂ የምቱ ዕድሜ ባጠረ ቁጥር የድግግሞሽ ስፋቱ ይጨምራል፤ ንብርብሩም ይወፍራል። ስለዚህ ስስ ንብርብር ስንሻ ምቱን ማስረዘም ወይም የተደራቢውን መስክ ጭማሪ ማጠንከር ይኖርብናል።

ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በዚህ የምስል አነሣስ ዘዴ ላይ ስላደረጉት ግኝት እ.ኤ.አ. በ2003 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።