ስለ ትዕቢት ጥፋትና ስለ ትሕትና ክብር

ትዕቢት ከኃጢአት ሁሉ በፊት የተወለደች ኃጢአት ናት። ሰው ገና ሳይፈጠር ሳጥናኤል ፈጣሪውን ትቶ ራሱን በመመልከቱ ከክብሩ ወደቀ። ሌሎቹ ኃጢአቶች ሰውን በድካሙ ጊዜ ያጠምዱታል፤ ትዕቢት ግን በበጎ ሥራው መካከል ታጠምደዋለች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረለት ፈሪሳዊ ስለ ጾሙና ስለ ዐሥራቱ ሐሰት አልተናገረም፤ ጸሎቱን ያጠፋበት ግን ራሱን ከቀራጩ ጋር ማመዛዘኑ ነው።

የአገራችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከራስ አሊ ጋር በደብረ ታቦር ተዋጉ። ድሉ የውቤ ሆነ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ባለ ድሎቹ በደስታ ተዘናግተው ሳሉ፥ የራስ አሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ውቤን ማረኳቸው። ኋላም ውቤ ለገዛ ዘውዳቸው ባሰናዱት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ በ1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ። ይህን የምንጽፈው በሙታን ለመፍረድ አይደለም፤ በጦርነት ያልተያዘ ሰው በድሉ ማግስት እንደሚያዝ ለመረዳት ነው እንጂ። እኛም ዐቢይ ጾምን ፈጽመን፥ ማኅሌቱን ቆመን፥ «ይህን ሠራሁ» ባልን ጊዜ ጠላት ከድንኳናችን ደጃፍ ቆሞአል።

የደብረ ታቦር ስም ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠ በኋላ፥ ከሙታን እስኪነሣ ድረስ ለማንም እንዳይናገሩ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ። ጴጥሮስ በዚያው ለመኖር ቢወድም፥ ጌታ ወርዶ የታመመውን ልጅ ፈወሰ፤ ከዚያም ወደ መስቀሉ ሄደ። እንግዲህ ነሐሴ 13 ቀን ችቦ የምናበራ ሁሉ ከተራራው መውረዱንም እናስብ።

ስለዚህ አባቶቻችን ዕውቀትን ከትሕትና ጋር አስተባብረው አስተማሩ። በጋይንት ድጓን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ የሚማር ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ቁራሽ ይለምናል፤ መምህሩንም ያገለግላል። በአዲስ ዘመን አጠገብ ጥድና ወይራ በከበቡት በጣራ ገዳምም ሆነ በሌሎች ገዳሞቻችን፥ ለምንኵስና የሚመጣ ሰው አስቀድሞ በረድእነት ይፈተናል፤ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የመጀመሪያው ትምህርቱ ነው። ዛፍ ወደ ላይ የሚቆመው ሥሩ ወደ ታች በወረደው መጠን ነውና። እንዲህ ተምሮ መምህር የሆነ ሰው ግን ጥቂት የሚያውቀውን የገጠር ቄስ ቢንቅ፥ በልመና ያገኘውን በትዕቢት በተነው።

ትሕትና በአፍ ራስን ማዋረድ ብቻ አይደለችም። ብዙዎቻችን «እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» እንላለን፤ ሌላው ሰው ይህንኑ ሲነግረን ግን እንቈጣለን። የትሕትና ምልክቷ ተግሣጽን መታገሥ፥ ከተጣሉትም ጋር ለመታረቅ ቀድሞ መሄድ ነው። ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ታዝዞአል። ይህ ትእዛዝ ለምእመናን ከሆነ፥ ሥጋውንና ደሙን ለምናቀብል ካህናትማ እንዴት ይበልጥ አይጸናብን!

የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ አምላካችን ትሕትናን በልቡናችን ያሳድርብን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።