ስለ ረገበ የኋላ ሞላ አመራረጥና አለዋወጥ

በኮረኮንችና በዳገት መንገድ የሚሠሩ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ መኪናዎች ሆዳቸው በድንጋይ እንዳይመታ ከፋብሪካ ከወጡበት ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲሉ ማድረግ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከፍ ብሎ የነበረው መኪና ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ኋላው እየረገበ፣ አፍንጫው ወደ ላይ እየቀና ይሄዳል። በዚህን ጊዜ ባለቤቱ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይመጣና «ከበፊቱ የሚረዝም ሞላ ይስጡኝ» ይላል። ሻጩም የተጠየቀውን ያቀርባል። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ደንበኛው ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል፤ አንዱ «አሁንም ረገበ» ሲል ሌላው «እያንገጫገጨ ወገቤን ሰበረኝ» ይላል። የሁለቱም ቅሬታ ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም ሞላው በቁመት ተመርጦ መሸጡ ነው። ሞላ መመረጥ ያለበት በሚሸከመው ክብደት ነው። ቁመት የጭነቱና የሞላው ውጤት እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለነጋዴው ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ማገዱ ይታወሳል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት የግድ ሲሆን፣ ተሳስቶ የመጣ ወይም ተሳስቶ የተሸጠ ሞላም የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም።

የኋላ ሞላ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተደራራቢ የብረት ምላሶች ያሉት ባሌስትራ ነው፤ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ቀስት የሚወረውር የጦር መሣሪያም በዚሁ ስም ይጠራል። ሁለተኛው ከክብ ብረት ተጠቅልሎ የሚሠራው ጥቅል ሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የታየው ላንድ ሮቨር በፊትም በኋላም የቆመው በባሌስትራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ግን በጥቅል ሞላ ተሠራ። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው የላንድ ክሩዘር 70 ዓይነት ለከባድ ሥራ የታሰቡት መኪናዎቹ ከኋላ ባሌስትራ ሲኖራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው 80 ዓይነት በአብዛኛው ከፊትም ከኋላም ጥቅል ሞላ አለው። ስለሆነም አንድ የመኪና ስም ብቻ ሰምቶ ሞላ ማዘዝ ለስሕተት ይዳርጋል።

ሞላ የሚሠራው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት ነው። ይኸውም ሞላ የሚጨመቀው በተጫነበት ክብደት ልክ መሆኑን ያስረዳል። ሞላው አንድ ሚሊ ሜትር እንዲጨመቅ የሚያስፈልገው ክብደት የሞላው ግትርነት ይባላል። ሞላ ለብዙ ዘመን ከመጠን በላይ ሲጫን ወይም በየጉድጓዱ እስከ መጨረሻው ሲመታ ብረቱ ጥቂት በጥቂት ወደማይመለስ ቅርጽ ይለወጣል፤ ጭነቱ ቢወርድለትም የቀድሞ ቁመቱን አያገኝም። ረገበ የሚባለው ይህ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የረገበ ሞላ የሚያጣው ቁመቱን ነው፤ ካልተሰበረ ወይም በዝገት ካልሳሳ በቀር ግትርነቱ ከቀድሞው እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ኋላው ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ «ሞላው ለሰለሰ» ተብሎ በጠንካራ ሞላ ሊተካ አይገባውም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ግትርነቱ በሚሊ ሜትር 4 ኪሎ የሆነ ሞላ በግራና በቀኝ አለ እንበል። ባለቤቱ 90 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ የናፍጣ ታንክ ቢያስገጥም፣ ሲሞላ ናፍጣው ብቻ 75 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው። የብረት መከላከያ፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማና የመሣሪያ ሣጥን ሲታከሉ 200 ኪሎ መድረስ ቀላል ነው። ይህ ጭነት በኋላው አክስል ላይ ቢያርፍ ለእያንዳንዱ ሞላ 100 ኪሎ ይደርሰዋል፤ መኪናውም 25 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በ50 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል ተብሎ የተገዛው ሞላ ገና አዲስ ሳለ ግማሹን ከፍታ አጣ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሞላው አልረገበም፤ ያልታሰበለትን ጭነት ተሸከመ እንጂ።

የጭነቱ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል 2 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ ከኋላው አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ የተንጠለጠለ 100 ኪሎ ዕቃ በኋላው አክስል ላይ የሚጭነው 135 ኪሎ ያህል ነው። ትርፉ 35 ኪሎ ከፊተኛው አክስል ላይ ይነሣል። መኪናው አፍንጫውን ሲያነሣ መሪው የሚቀልለው፣ ፊተኛው ጎማም መሬቱን በደንብ የማይዘው በዚህ ምክንያት ነው። በሌሊትም መብራቱ ወደ ላይ ስለሚቀና ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነጂ ዓይን ያጭበረብራል። እንግዲህ የረገበ ኋላ የመልክ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል ለዘወትር 300 ኪሎ ጭነት የተሠራ ሞላ ባዶውን በሚሄድ መኪና ላይ ቢገጠም ጉዳቱ አያንስም። መኪናው ከሚፈለገው በላይ ይቆማል፤ ኋላውም በጠጠር መንገድ ላይ እየዘለለ ጎማው መሬት ይለቃል። ግትርነት በጥቂት ውፍረት ብዙ እንደሚጨምር ማወቅም ይጠቅማል። ስፋቱና የጥቅሉ ቁጥር ሳይለወጥ የጥቅል ሞላ ብረት ውፍረት ከመቶ 10 ቢጨምር ግትርነቱ ከመቶ 46 ያድጋል። የባሌስትራ ምላስም ውፍረቱ ከመቶ 10 ቢጨምር ከመቶ 33 ይገትራል። ስለዚህ ሁለት ሞላዎች በዓይን ሲታዩ ስለ ተመሳሰሉ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም።

ሞላ ከመሸጡ በፊት የሚከተሉት ምርመራዎች እንዲደረጉ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ መኪናው በደልዳላ ሥፍራ ባዶውን ቆሞ በአራቱም ጎማ በኩል ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ቁመት ይለካ። ከመሬት ጀምሮ መለካት የጎማው ነፋስ ስለሚያሳስት አይመከርም።

2ኛ፤ የዘወትር ጭነቱ ተጭኖ እንደገና ይለካ። ባዶውን ሲሆን ወደ ተገቢው ቁመት የሚመለስ መኪና ሞላው ደኅና ነው፤ ችግሩ ጭነቱ ስለሆነ ከፍ ያለ የክብደት መደብ ያስፈልገዋል። ባዶውንም ዝቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ ሞላው በእርግጥ ረግቧል፤ ጭነቱ ካልተለወጠ ያንኑ የክብደት መደብ አዲሱን መግዛት ይበቃዋል።

3ኛ፤ መኪናው ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ የኋላው አክስል በመኪና ሚዛን ላይ ይመዘን። ጠንካራ ሞላ መግጠም ፋብሪካው ከወሰነው ጠቅላላ ክብደት በላይ ለመጫን ፈቃድ እንደማይሆን ለደንበኛው ይነገረው፤ አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻሲው ያው የበፊቱ ናቸውና።

4ኛ፤ የተሰበረ ምላስ፣ የተበላ ቦኮላ፣ የዛገ የሞላ መቀመጫ መኖሩ ይታይ። የተለመደው ሾክ አብዞርበር ንዝረትን ያበርዳል እንጂ መኪናውን ስለማይሸከም፣ እርሱን ብቻ መለወጥ የረገበውን ኋላ አያነሣም።

አለዋወጡም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ከታገዱ በኋላ መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ ነገር ግን በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥሩ መግባት ስለማይገባ ሻሲው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል። አክስሉ ለብቻው ተደግፎ የሾክ አብዞርበሩ የታች ቡሎን ይፈታል። ከዚያም የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር እየታየ አክስሉ በዝግታ ወደ ታች ይለቀቃል፤ ጥቅል ሞላውም ይወጣል። መቀመጫው ተጠርጎና የጎማ ትራሱ ተለውጦ አዲሱ ሞላ ሲገባ፣ የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በተበጀለት ሥፍራ መግጠሙ ይረጋገጥ። አንዳንድ ሞላዎች ለግራና ለቀኝ የተለያየ ቁመት ስላላቸው ምልክታቸው መነበብ አለበት። ምንጊዜም የሚለወጠው ጥንዱ ነው፤ አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ ማድረግ መኪናውን ያዛንፈዋል።

በባሌስትራ ጊዜ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንድ ጊዜ ጠብቀው ስለ ተሳቡ በአዲስ ይተካሉ። የመካከለኛው ቡሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱ ይታያል፤ ዳዶዎቹም በመስቀለኛ ተራ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። የጎማ ቦኮላ ባለባቸው የባሌስትራ ጫፎች ያሉት ቡሎኖች ግን በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከሰጠ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቁ ቦኮላው ተጠምዝዞ ስለሚቀር በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሁሉም እንደገና ይፈተሽ።

ከፍ የተደረገ መኪና ሞላ ብቻውን ለውጦ አይበቃውም። ሾክ አብዞርበሩ ከሞላው ጋር የተመጣጠነ ርዝመት ይኑረው፤ ካጠረ በየጉድጓዱ እየተሳበ ይሰበራል፤ ከረዘመ ደግሞ ጎማው ሲንጠለጠል ጥቅል ሞላው ከመቀመጫው ሊለቅ ይችላል። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ መኪናው ከፍ ሲል ስለሚያዘነብል አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ይህን ያቃናል። በብዙ መኪናዎች ላይ የኋላውን ፍሬን ኃይል እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በሻሲውና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ስለሆነ፣ መኪናው ከፍ ሲል ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ያሳንሳል። የቫልቩ ዘንግ ካልተስተካከለ በቁልቁለት ላይ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። የመብራቱ አቅጣጫና የካርዳኑ አንግልም እንዲሁ ይታዩ።

ርካሽ መስለው ውድ የሚሆኑ መንገዶችም አሉ። ከሞላው ሥር ማንሻ ትራስ ማስገባት ቁመትን ይሰጣል እንጂ የመሸከም ኃይል አይጨምርም። የረገበ ባሌስትራን ቀጥቅጦ ማጉበጥ፣ ብረቱ እንደገና በተገቢው ሙቀት ካልታከመ፣ ፈጥኖ ይረግባል። የተሰበረ ምላስን መበየድ ወይም ጥቅል ሞላን በጋዝ እሳት ማሞቅ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል። የሞላ ብረት ጠንካራነቱን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ግሎ፣ ቀዝቅዞና እንደገና ሞቆ ስለሆነ፣ እሳቱ የነካው ሥፍራ ያን ጠባዩን ያጣል።

አስመጪው ሲያዝዝ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞላውን ዓይነትና የሚሸከመውን የዘወትር ጭነት ለይቶ መጻፍ አለበት። በአንዳንድ ካታሎጎች ግትርነት በፓውንድና በኢንች ስለሚጻፍ፣ በኢንች 100 ፓውንድ ማለት በሚሊ ሜትር 1.79 ኪሎ ያህል መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በጉምሩክም በኩል የብረት ሞላዎች በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ቁጥር 73.20 ሥር ይገባሉ፤ ባሌስትራና ምላሶቹ 7320.10፣ ጥቅል ሞላ 7320.20 ነው። ሾክ አብዞርበር ግን በመኪና መለዋወጫ ክፍል 8708.80 ሥር ይመደባል። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ቢመጡም በዲክላራሲዮን ላይ ተለይተው እንዲጻፉ ጥንቃቄ ይደረግ።

በመጨረሻም ለባለ ሱቁ የሚጠቅመው ከሁሉ የሚረዝመውን ሞላ ማከማቸት ሳይሆን ለባዶ፣ ለመካከለኛና ለከባድ ጭነት የሚሆነውን በየመደቡ መያዝ ነው። ደንበኛው ሲመጣ መኪናው ባዶውን ምን ያህል እንደሚቆም፣ ዘወትር ምን እንደሚጭን፣ ዕቃው የት እንደሚቀመጥና የኋላው አክስል ስንት እንደሚመዝን ይጠየቅ። መልሱ ከመለወጡ በፊትና ከተለወጠ በኋላ ከተለካው ቁመት ጋር በመዝገብ ይጻፍ። ከወራት በኋላ ክርክር ቢነሣ፣ ጉድለቱ የሞላው ይሁን የጭነቱ ያ መዝገብ ይመሰክራል። እንዲህ ያለው ሻጭ አንድ ጊዜ የሸጠውን ሁለተኛ አይመልስም፤ ደንበኛውም ከነጭነቱ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።