ምዕራፍ ሰባት፦ ምርመራውን ያለፈ ስኩተር ለምን መንገድ ላይ ይቆማል?

በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ያገለገለ ስኩተር የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያው ላይ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጽፈው «የዓመት ኤምኦቲ አለው» የሚል ነው። ኤምኦቲ እኛ ቦሎ ለመለጠፍ የምናስደርገው ዓይነት ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀመር ዐሥር ዓመት የሞላቸውን ተሽከርካሪዎች ብቻ ይመለከት ነበር፤ ከ1967 ጀምሮ ግን ሦስት ዓመት የሞላው በአብዛኛው በየዓመቱ ይቀርባል። ለሞተር ሳይክል የሚጠየቀው ክፍያ ከ29 ፓውንድ ከ65 ሳንቲም መብለጥ አይችልም። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ገዢዎች ግን ከምርመራው ወረቀት የማይሰጠውን ዋስትና ይጠብቃሉ።

መርማሪው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ስኩተር ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ለነጂውና ለሌላው ሰው አደገኛ ነው ወይስ አይደለም? ነገ ጠዋት ይነሳል ወይ የሚለው አይመለከተውም። አንዲት ብሎን ፈትቶ ውስጡን የማየት ሥልጣንም የለውም፤ የሚመረምረው በዓይኑ የሚያየውን፣ በእጁ የሚነካውንና በመሣሪያ የሚለካውን ብቻ ነው። ስኩተር ደግሞ ገላው በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ ከሥሩ የዛገ ሻንሲ ቢኖር እንኳ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በምርመራው የሚያስወድቀውና ባለቤቱን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ብልሽት ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። (እዚህ ስኩተር የምለው መቀመጫና ታርጋ ያለውን ነው፤ ቆመው የሚነዱትን የኤሌክትሪክ ስኩተር ኤምኦቲ አይመለከተውም።)

ከሚያስወድቀው እንጀምር። ሞተር ሳይክሎችን በብዛት የሚያስወድቀው መብራት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ አምፖል ያቃጥላል፣ የሽቦ መጋጠሚያ ያላላል፤ ዝናቡ ደግሞ መጋጠሚያውን ያዝገዋል። በተለይ የፍሬን መብራት ያታልላል። ነጂው ከኋላው ስለሆነ አያየውም፤ የቀኙን እጀታ ሲጨብጥ በርቶ የግራውን ሲጨብጥ ግን ላይበራ ይችላል። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ በወጣ ስኩተር በሁለቱም መብራት አለበት። ማታ ግድግዳ አጠገብ አቁመው እጀታዎቹን አንድ በአንድ ይጨብጡ፤ ቀይ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እጀታው ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ናት። ፍሬቻውንና ክላክሱንም በዚያው ይሞክሩ። የፊት መብራትም በመብራቱ ብቻ አያልፍም፤ ጨረሩ ወደ ላይ ካቀና ያስወድቃል። የኋላ ሞላው የደከመና ወደ ኋላ የተቀመጠ ስኩተር መብራቱ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ ማስተካከያው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ብሎን ማዞር ነው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሳይሠራ ለምርመራ መቅረብ የሚያሳዝን ነው።

ፍሬን ሰፊ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ ክረምት መንገዱ በረዶ እንዳይዝ ጨው ይበተንበታል። ያ ጨው ከውሃ ጋር ተደባልቆ የፍሬን ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ያዝጋል፤ ፒኖቹ ሲያዙ አንደኛው የፍሬን ሸራ ብቻውን ይሠራና ያልቃል፣ ሌላው አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ከውጭ ያየ ሰው አዲሱን ሸራ አይቶ «ፍሬኑ ደህና ነው» ይላል። ፍሬን ሳይያዝ ጎማው በእጅ ሲዞር የሚከብድ ከሆነ ፒኑ ተይዞ ሊሆን ይችላል። የኋላ ፍሬናቸው ከበሮ የሆነ ስኩተሮች ደግሞ ከጎማው አጠገብ ትንሽ የቀስት ምልክት አላቸው፤ ፍሬኑ ሲያዝ ቀስቷ መጨረሻው መስመር ላይ ከደረሰች ሸራው አልቋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት በትንሽ ሙቀት ይፈላና ቁልቁለት ላይ እጀታው ሰለል ይላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። መርማሪው የፍሬኑን ጉልበት በመሣሪያ ይለካል፦ አንደኛው ፍሬን ቢያንስ 30 በመቶ፣ ሌላው 25 በመቶ ብቃት ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው የሚተማመነው በአንዱ ፍሬን ብቻ ነው፤ ሌላው ሲደክም የሚነግረው ይህ መለኪያ ነው።

የመሪው ኩሽኔታ ስኩተርን በተለይ ያጠቃል። የ1946ቱ የመጀመሪያው ቬስፓ ጎማው ስምንት ኢንች ብቻ ነበር፤ የዛሬዎቹም ብዙዎቹ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ኢንች ናቸው። ትልቅ ጎማ የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ትንሹ ይወድቃል፣ ምቱም ወደ መሪው ይወጣል። በመሀል ማቆሚያው ያቁሙት፤ አንድ ሰው ከኋላ ተጭኖ የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሳልዎ፤ መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ያዙሩት። ልክ መሀሉ ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚያዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ከዚያ የፊት እግሮቹን ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይነቅንቁ፤ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰሙ ላልቷል።

ጎማን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፦ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ስኩተር ከጎማው ስፋት ሦስት አራተኛው ላይ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ጥርስ፤ ለ50 ሲሲና ከዚያ በታች ግን ጥርሱ መታየቱ ይበቃል። ጎማ ተውሶ ለቦሎ የሚቀርብ ሰው ወሬ ሁላችንም ሰምተናል፤ የጎማ እውነተኛው ፈተና ግን ዝናብ ነው። ከጭስ ማውጫው ደግሞ ማርሚታው ቀዳዳ እንዳይኖረውና ማሰሪያው እንዳይዝግ ማየት በቂ ነው።

ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጉድለቶች «አደገኛ»፣ «ከባድ» እና «ቀላል» ተብለው ይመደባሉ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ያስወድቃሉ። «አደገኛ» የተባለውን ሳያስጠግኑ መንዳት ፈጽሞ አይፈቀድም። ከእነዚህ ሌላ «ምክር» አለ፦ ዛሬ አላስወደቀም፣ ግን እየደረሰ ነው ማለት ነው። እኔ ወረቀቱን ስይዝ ቀድሜ የማነበው ይህችን መስመር ነው።

አሁን መርማሪው ወደማይነካው እንምጣ። አብዛኛው የዛሬ ስኩተር ማርሽ አይቀየርለትም፤ ጉልበቱን ከሞተር ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው የጎማ ቺንጋ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ከፊት ያሉ ትናንሽ ሮለሮች ወደ ውጭ እየተገፉ ቺንጋው የሚዞርበትን ስፋት ይለውጣሉ። ቺንጋው ሲሳሳ ስኩተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ የለመደው ፍጥነት ላይ አይደርስም፤ ሲበጠስ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ይቆማል። አምራቾች እንደ ሞዴሉ ከ10 ሺህ እስከ 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየር ይላሉ። ምግብ እያደረሰ በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ በወር 26 ቀን የሚሠራ ሰው ዓመት ሳይሞላው 24 ሺህ ይደርሳል። አንድ ቺንጋ በሁለት ምርመራዎች መካከል ተገጥሞ፣ አርጅቶ ሊበጠስ ይችላል፤ ኤምኦቲው ግን በሁለቱም ጊዜ «አልፏል» ይላል። የሞተር ዘይት፣ የካንዴላና የቫልቭ ክፍተት፣ የባትሪ ጉልበትም እንዲሁ አይጠየቁም። «ሆንዳ ይሻላል ወይስ ያማሃ?» ብለው ለሚጠይቁኝ የምመልሰው፣ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ማንኛውም የታወቀ ስኩተር ዘይቱ ከተረሳ ውድ ስኩተር ይበልጣል የሚል ነው።

ያገለገለ ሊገዙ ሲሄዱ ታርጋውን አስቀድመው ይጠይቁ። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ታርጋውን በማስገባት ብቻ የቆየውን የምርመራ ታሪክ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል፦ መቼ አለፈ፣ በምን ወደቀ፣ ስንት ማይል ተነድቶ ነበር። ማይሉ ከዓመት ወደ ዓመት ከቀነሰ ተመልሰው ይሂዱ። ያው «ምክር» ሦስት ዓመት ተደጋግሞ ከተጻፈ ባለቤቱ የሚያስጠግነው ሲወድቅ ብቻ ነው ማለት ነው። ሻጩ እርስዎ ሳይደርሱ ሞተሩን እንዳያስነሳው ይንገሩት፤ የደከመ ባትሪ የሚታወቀው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። የመጨረሻው ጥያቄ የቺንጋ ደረሰኝ ነው። ካላመጣ፣ የቺንጋውን፣ የሮለሮቹንና የመካኒኩን ዋጋ ጋራዥ ጠይቀው ከሚጠራው ላይ ያስቀንሱ።