የልጄ እግር ተጣሟል፦ የቱ ይጠበቃል? የቱስ አይጠበቅም?

ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከገለምሶና ከበዴሳ ፎቶ እየላካችሁ «ዶክተር፣ እግሩ ሲያድግ ይስተካከላል ወይ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እንደ ዓይነቱ ነው።

መራመድ ሲጀምር ጉልበቱ ወደ ውጭ እንደ ቀስት የሰፋ ልጅ እስከ 2 ዓመቱ አያስጨንቅም። በ3 እና በ4 ዓመቱ ደግሞ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፤ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7 ዓመት ድረስ ራሱ ይቃናል። አንዱ እግር ብቻ ከጠመመ፣ እየባሰ ከሄደ ወይም ካመመው ግን አሳዩት።

የእጅ አንጓው ካበጠ፣ የጎድን አጥንቱ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ከተቆጠረ፣ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ከቆየ ሪኬትስን እንጠረጥራለን፤ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ያን ሁሉ ፀሐይ ይዘን! ብርድ ነው፣ ዓይን ይበላዋል እየተባለ ሕፃኑ ተጠቅልሎ ቤት ይከርማላ። ጉዳቱ እግር ላይ ብቻ አይቆምም። ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት እንዳሳየው፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። ስለዚህ ፀሐይ አሙቁት፣ ምልክቱን ካያችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒት አለው።

አሁን ወደማይጠበቀው። ሲወለድ ጀምሮ ውስጥ እግሩ ወደ ውስጥ የዞረ፣ ተረከዙ ወደ ላይ የተሰቀለ ከሆነ «ቆልማማ እግር» ይባላል። ከ1000 ሕፃናት በ1 ገደማ ይታያል። እርግማን አይደለም፤ እናትየው ያጠፋችውም ነገር የለም። ግን ሲያድግ አይስተካከልም፤ ወጌሻ ቢያሸውም አይመለስም።

ሕክምናው ፖንሴቲ ይባላል። እግሩን በእጅ ቀስ እያልን እያቃናን በየሳምንቱ ጀሶ እንቀይራለን፤ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ጀሶ ይበቃል። ከዚያ አብዛኞቹ ላይ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጥና የመጨረሻው ጀሶ 3 ሳምንት ይቆያል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረ አብዛኛው ልጅ ያለ ትልቅ ኦፕሬሽን ይድናል። አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ያክማል። ግን በየሳምንቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መመላለስ ቀልድ አይደለም፤ ሪፈር ስታጽፉ መጀመሪያ «በቅርብ የሚሠራበት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ብዙዎች የሚሸነፉት ከጀሶው በኋላ ነው። በብረት የተያያዘው ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። ልጁ ያለቅሳል፣ ጎረቤት «አታሰቃዩት» ይላል፣ እግሩ ደግሞ ቀና ብሎ ይታያል። አታውልቁት። ከወለቀ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል፣ ጀሶውም እንደገና ከአንድ ይጀመራል።