በተራ የሚጻፍ ዝርዝርና የዳዊት ገጽ

በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው፥ ዝርዝር በቁጥር ወይም በነጥብ ተለይቶ ሲጻፍ ከአንድ መስመር የተረፈው ቃል ወዴት ይሂድ የሚለውን ጥያቄ ነው። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንድ ሰው ለብዙዎች ጮክ ብሎ የሚያነብ እንደ ኾነ እናስብ። ሦስተኛው ተራ የት እንደ ጀመረ ያልታየው አንባቢ ሁለቱን ግዴታ እንደ አንድ አድርጎ ቢያነበው፥ ሰሚው አንዱን ማስረጃ ሳይዝ ይመጣል፤ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለትም እንደ ገና ይመለስበታል።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሰው ይህን ጥያቄ ከኮምፒዩተር በፊት ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት የደገመ ሁሉ መልሱን በዓይኑ ለምዶታልና። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ፥ ቀለም በሌለው ጭረት አስምሮ፥ መዝሙሩን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓምድ ይጽፋል። ደንቡም አንድ ቤት በአንድ መስመር ነው። ቤቱ ረዝሞ መስመሩ ካልበቃው፥ የተረፈውን ቃል በሚቀጥለው መስመር መነሻ ላይ አያኖረውም፤ በቀኝ በኩል በመስመሩ መጨረሻ፥ ከበላዩ ወይም ከበታቹ ባለው ክፍት ቦታ ደቀቅ አድርጎ ያስገባዋል እንጂ። ስለዚህ የግራው ጠርዝ ለመነሻ ብቻ የተጠበቀ ነው። መዝሙር ፻፲፰ እንኳ ያን ያህል ርዝመት እያለው፥ 22ቱ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ቤት ይዘው፥ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል በሚሉት የዕብራይስጥ ፊደላት ስም ስለሚለያዩ አንባቢውን አያደናግርም።

ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው መንገድ ሌላ ቢኾንም አሳቡ ያው ነው። ቁጥሩ ወደ ግራ ወጥቶ ብቻውን ይቆማል፤ ጽሑፉ ገባ ብሎ ይጀምራል፤ የተረፈውም ቃል ከጽሑፉ ሥር ይወርዳል እንጂ ከቁጥሩ ሥር አይገባም። ይኸውም እንዲህ ነው፦

2.　አመልካቹ የትምህርት ማስረጃውን
　　ዋናውንና ቅጂውን ይዞ ይቅረብ።
3.　ሁለት ፎቶግራፍ ያምጣ።

ይህን በዎርድ ስንሠራ ክፍት ቦታውን በስፔስ እየደጋገምን መሙላት የለብንም። የፊደላችን ስፋት እኩል አይደለም፤ «ሀ» ጠባብ ነው፥ «ጨ» ሰፊ ነው። ፎንቱ በተለወጠ ጊዜ በስፔስ የተሰለፈው ሁሉ ይፈርሳል። ከገጹ በላይ ባለው ማስመሪያ ላይ የመጀመሪያውን መስመር መነሻና የቀሪዎቹን መነሻ ለየብቻ መወሰን ይሻላል።

የግዕዝ ቁጥር ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ልዩ ጣጣ አለ። በ1፣ 2፣ 3 ስንቈጥር ስፋቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። በግዕዝ ግን ፲ አንድ ምልክት ነው፥ ፲፱ ሁለት ነው፥ ፳ ተመልሶ አንድ ይኾናል፤ ፻፵፱ ሦስት ሲኾን ፻፶ ሁለት ነው። እንግዲህ ቦታው መለካት ያለበት በመጨረሻው ቁጥር ሳይኾን በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ምልክት በያዘው ቁጥር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የቃል መቆረጥ ነው። በብራናው ላይ ቃል ከመስመር መጨረሻ በየትም ቢቆረጥ አያስቸግርም፤ ቃሉ ማለቁን የሚናገረው ሁለት ነጥቡ (፡) ነውና፥ እርሱ እስካልታየ ድረስ አንባቢው ይቀጥላል። እኛ ግን ሁለት ነጥቡን ትተን በባዶ ቦታ ስለምንለይ ያ ነጻነት ቀርቶብናል። «አመልካቹ በግድ ራሱ ይቅረብ» የሚለው ከ«በግ» ላይ ቢቆረጥ፥ በበግ አገር በመንዝ ምን ተብሎ እንደሚነበብ አንባቢ ይገምተው። ስለዚህ ባዶ ቦታ የሚጠቀም ቃሉን ሳይቆርጥ ወደሚቀጥለው መስመር ያውርደው። ሁለት ነጥብ የሚጠቀምም ምልክቱን ከቃሉ ጋር ያስቀረው እንጂ መስመር አያስጀምረው።

ቃሉ ሳይቆረጥ ሁለቱን ጠርዝ እኩል እናድርግ ማለት ግን በጠባብ ዓምድ አይመከርም። አማርኛ «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚያህል ነገር በአንድ ቃል የሚናገር ቋንቋ ስለ ኾነ፥ እንዲህ ያለው ቃል ወደ ታች ሲወርድ የቀሩት ሦስት ቃላት ተራርቀው ይቆማሉ። የቀኙ ጠርዝ ወጣ ገባ ቢል ይሻላል።

ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ሲገባ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አጻጻፍ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከ106ቱ አንቀጾች ብዙዎቹ በቁጥር፥ ከዚያም በታች በሀ፣ ለ፣ ሐ ይከፈላሉ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚያኖር፥ በእንዲህ ያለ ጠባብ ዓምድ ሦስተኛ እርከን ቢጨመር ለጽሑፉ ቦታ አይተርፍም። በነጥብ ፈንታ ፨ን ከየተራው ፊት ማስቀመጥ አገርኛ መስሎ የሚታያቸው አሉ። እኛ አንስማማም፤ ዳዊት የደገመ ሰው ያን ምልክት የሚያውቀው የክፍል መጨረሻ ላይ ነው።