ለኬሚስትሪ የሚበቃ ሂሳብ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ገበያ መሃል አቁመሽኝ «ጋሼ፣ ኬሚስትሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ሂሳቡ ግን ያስፈራኛል» አልሽኝ። በዚያ ጫጫታ መመለስ አልሆነልኝም። ኬሚስትሪ ሳስተምር ስለኖርኩ በጽሑፍ ላድርግልሽ ብዬ ነው። አብሽሪ፣ የሚፈራውን ያህል አይደለም።

1. የሚያስፈራሽ የቱ እንደሆነ ለዪ። የወደቁ ልጆችን ወረቀት ብዙ አርሜያለሁ። አብዛኞቹ ኬሚስትሪውን ያውቁታል። የጋዝ ቀመር ተሰጥቷቸው «ሙቀቱን ለብቻው አውጡ» ሲባሉ ነው የሚደናበሩት። እሱ የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። ክረምቱን እሱ ላይ አሳልፊ፣ አትፈሪበት።

2. ከገበያ የምታውቂውን አትናቂ። ነጋዴዋ የአፍዴራ ጨው በኩንታል ገዝታ በጣሳ ስትሸጥ መለኪያ እየለወጠች ነው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ኩንታል 100 ኪሎ፣ ማለትም 100,000 ግራም ነው። አንድ ሞል የገበታ ጨው 58.44 ግራም ይመዝናል። ስታካፍዪው 1,711 ሞል ገደማ ይመጣል፤ ግራም ከግራም ተጣፍቶ ሞል ብቻ ይቀራል። ሞልም እንደ ደርዘን የቁጥር ስም ነው፦ ደርዘን 12 ነው፣ ሞል 6.022 × 10²³። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ መለኪያውን ጻፊ። በሴልሺየስ የተሰጠ ሙቀት ላይ 273 መደመር ረስቶ ስንቱ ጎበዝ ነጥብ ጥሏል!

3. ሎጋሪዝም። እኔ ራሴ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ፈተና መሃል የካልኩሌተሬ ባትሪ አለቀ። ጥያቄው 0.02 ሞላር የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው የሚል ነበር። ቁጭ ብዬ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ዛሬ እንዲህ ነው የምሠራው፦ 0.02 ማለት 2 × 10⁻² ነው። የ2 ሎጋሪዝም 0.30፣ የ10⁻² ደግሞ −2፤ ሲደመሩ −1.70። ምልክቱን ገልብጪው፣ ፒኤቹ 1.70 ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የ2ን 0.301 እና የ3ን 0.477 በቃልሽ ያዢ፤ የ5ን ከ1 ላይ 0.301 ቀንሰሽ ታገኚዋለሽ። ፒኤች ከ6 ወደ 3 ሲወርድ አሲድነቱ ሦስት እጥፍ ሳይሆን 1,000 እጥፍ እንደጨመረ በቅጽበት ካልታየሽ ገና አልገባሽም፤ ተመለሺበት። ለ12ኛ ክፍል ፈተናም ካልኩሌተር አይገባም፣ ስለዚህ ከአሁኑ እጅሽን አስለምጂ።

4. አንደኛ ደረጃ ሳለሽ ሂሳብን «ሄሬጋ» ብለሽ በአፋን ኦሮሞ ተማርሽ፤ 9ኛ ስትገቢ ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነ። ሂሳብ ከበደኝ ከሚሉኝ ልጆች ብዙዎቹን የከበዳቸው ቋንቋው ነው። ጥያቄውን በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ለራስሽ አውሪው፣ ከዚያ ፍቺው። ይህ አያሳፍርም።

5. ካልኩለስ ላይ አትቸኩዪ። በመጀመሪያው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚወስደው የሂሳብ ኮርስ በሎጂክና በስብስብ (set) ይጀምራል፤ ላንቺ ወርቁ ፈንክሽን የሚለው ምዕራፍ ነው። በኋላ ዴሪቬቲቭ ሲመጣ ፍጥነት፣ ኢንተግራል ሲመጣ ድምር ብለሽ ያዢው። የሪአክሽን ፍጥነት ስትማሪ፣ የግማሽ ዕድሜ ቀመር ውስጥ 0.693 የሚባል ቁጥር ይገጥምሽና «ከየት መጣ?» ትያለሽ። የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው፤ አንድ ነገር ግማሽ ሲሆን 2 የግድ ይገባበታል።

6. ማትሪክስ ኳንተም ኬሚስትሪ እስክትደርሺ ይቆይሽ። ስታቲስቲክስ ግን አይጠብቅሽም፤ አንድ ናሙና ሦስቴ ለክተሽ ሦስት የተለያየ ቁጥር ባየሽ ቀን ትፈልጊዋለሽ። «ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሂሳብ የለውም» እያሉ የሚያጽናኑሽም ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ዲግሪ በኦርጋኒክ ብቻ አይሰጥም።

በቀን አምስት ጥያቄ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ በደብተር ሥሪ። የሚቀጥለው እሑድ ገበያ ስትወጪ ይዘሽልኝ ነይ። የተሳሳትሽውን ግን እንዳታጠፊ፣ እኔ ማየት የምፈልገው እሱን ነው።